ሁሉም ቫይረስ አይደለም
(ስለ አጥፊ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ዓይነትና ልዩነት የቀረበ ጥናታዊ ጽሑፍ)

መግቢያ

በዛሬው ዕትማችን ልናቀርብላችሁ የተነሣነው ርእስ ከዚህ ቀደም በዚህች ገጽ ከተጻፉት ጥቂት ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ርእሱን እንድንመርጥ ያደረገን ከሩቅ አገር የተሰማ ወሬ ሳይሆን በራሳችን መካከል የደረሰ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችሁም የምታውቁት ስለሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት የመዝሙር ክፍላችን አባላት ከአንድ አረጋዊ መምህር የእጅ ጽሑፍ ደብተር እየቀዱ ስምንት ወር ሙሉ በኮምፒዩተር ሲጽፉ የከረሙት ሥራ በአንዲት ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ሌላ ቅጂም አልነበረንም። አንድ ወንድማችን ፍላሿን ይዞ ለማሳተም ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። በማግሥቱ በጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ስንሰካት ግን የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ትንንሽ የቀስት ምልክት ያለባቸው ጥቂት ሾርትከቶች ብቻ ተገኙ። ያን ጊዜ ሁላችንም ዓይናችንን ወደዚያ ወንድም አዞርን። አንዳንዶቻችን «አጠፋኸው» አልን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ዝም ብለን በልባችን ፈረድን። እርሱም ምንም አላለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለት ወር ያህል ከመካከላችን ተለየ።

እውነቱ ምን እንደነበረ ከጽሑፋችን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። ለጊዜው ይህን ብቻ እንበል፤ የሆነውን ነገር ሁላችንም «ቫይረስ ነው» ብለን ነበር፤ ነገር ግን ቫይረስ ማለት ምን እንደሆነ ከመካከላችን አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ያላወቁትን ነገር በስሙ መጥራት ቀላል ነው፤ መድኃኒቱን ማግኘት ግን አይቻልም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን ያገኘነውንና አንብበን የተረዳነውን አሰባስበን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ የሌላ አቆጣጠር ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ልዩነቱን የምናውቅባቸው ሦስት ጥያቄዎች

ኮምፒዩተር በራሱ ምንም አያስብም፤ የተጻፈለትን ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ። ተከታትለው የተጻፉ ትእዛዞች ፕሮግራም ይባላሉ። ለባለቤቱ ጥቅም የተጻፈ ፕሮግራም እንዳለ ሁሉ ባለቤቱን ለመጉዳት፣ ለመስረቅ ወይም ለመሰለል የተጻፈም አለ። ይህን ሁለተኛውን በጠቅላላው አጥፊ ፕሮግራም ብለን እንጠራዋለን። ቫይረስ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ቁንጫም ምስጥም ነቀዝም ነፍሳት ናቸው፤ ነገር ግን ለነቀዝ የሚደረገው ጥንቃቄ ለቁንጫ እንደማይሆን ሁሉ የነዚህም ነገር እንደዚያው ነው።

አንድን አጥፊ ፕሮግራም ለይቶ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባል።

1ኛ/ በምን መንገድ ገባ?
2ኛ/ ከገባ በኋላ እንዴት ይራባል?
3ኛ/ ገብቶ ምን ይሠራል?

ቫይረስ፣ ትልና ትሮጃን የሚባሉት ስሞች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ናቸው። ቤዛ ጠያቂ፣ ሰላይ የሚባሉት ደግሞ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ናቸው። ይህን ልብ ያለ ሰው «አንድ ፕሮግራም እንዴት ትልም ቤዛ ጠያቂም ሊሆን ይችላል?» ብሎ አይደናገርም። አንድ ሰው በአጥር ዘሎ ገብቶ ሊሰርቅም ሊሰልልም እንደሚችል ማለት ነው፤ አገባቡ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ሌላ ነገር ነው።

፪. ዓይነቶቹ

ሀ/ ቫይረስ

ቫይረስ ብቻውን የማይቆም ፕሮግራም ነው። እንደ ጥገኛ ተክል ወይም እንደ መዥገር በሌላ ፕሮግራም ወይም ሰነድ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የተጣበቀበት ፋይል ሲከፈት እርሱም ይነቃል፤ ከዚያም ራሱን እየቀዳ ወደ ሌሎች ፋይሎች ይጋባል። እንግዲህ ዋናው ምልክቱ ሁለት ነው፤ ተሸካሚ ይፈልጋል፤ እንዲሠራም ሰው ያንን ተሸካሚ መክፈት አለበት።

በሰፊው ከተሠራጩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1982 ዓ.ም. የተጻፈው ኤልክ ክሎነር ነው። የጻፈው ሪች ስክሬንታ የሚባል የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ሲሆን፣ በአፕል 2 ኮምፒዩተር ዲስኬቶች አማካይነት ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፍ ነበር። ለቀልድ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ዲስኬቱ በተከፈተ በ50ኛው ጊዜ አጭር ግጥም ከማሳየት በቀር ሌላ ብዙ ክፋት አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. ፍሬድ ኮኸን የሚባል ተማሪ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለጥናት ሠርቶ አሳየ፤ «ቫይረስ» ብሎ መጥራትን የሰጠው መምህሩ ሌነርድ ኤድልማን ነው።

በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ ባሲት እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች ብሬይን የተባለውን ቫይረስ ጻፉ። እነርሱ እንዳሉት ዓላማቸው የሠሩት ፕሮግራም ያለፈቃድ እንዳይቀዳ ለመጠበቅ ነበር፤ እንዲያውም ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን በውስጡ ጽፈውበታል። ነገር ግን ራሱን የሚያራባ ነገር አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ ባለቤቱ «ተመለስ» ቢለው አይሰማም፤ ቫይረሱም ድንበር ተሻግሮ በብዙ አገሮች ተገኘ።

በኋላ ዘመን ቫይረስ በጽሑፍ ሰነዶችም ውስጥ መኖር ጀመረ። ማይክሮሶፍት ወርድ ማክሮ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በሰነድ ውስጥ እንዲቀመጡ ስለሚፈቅድ፣ በ1999 ዓ.ም. ሜሊሳ የተባለው በዚሁ በር ገብቶ በኢሜይል ተሠራጨ። ስለዚህ ከማናውቀው ሰው የመጣ ሰነድ ስንከፍት «ማክሮውን ልፍቀድ?» ብሎ ኮምፒዩተሩ ቢጠይቀን፣ መልሳችን «አይሆንም» መሆን አለበት።

ለ/ ትል

ትል ከቫይረስ የሚለይበት ነገር በተሸካሚ ፋይል ላይ መጣበቅ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ራሱን የቻለ ፕሮግራም ስለሆነ በኔትወርክ ላይ ካንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በራሱ ይሳባል፤ ብዙ ጊዜም ማንም ሰው ምንም ሳይነካ። ቫይረስ አልጋ ላይ ተኝቶ እንግዳ የሚጠብቅ በሽታ ቢሆን ትል ግን በየቤቱ እየዞረ በር የሚነካ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የሞሪስ ትል ነው። በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በ1988 ዓ.ም.፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረውና 23 ዓመት ያልሞላው ሮበርት ታፓን ሞሪስ አንድ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በወቅቱ ኢንተርኔት ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች 60,000 ያህል ናቸው ተብሎ ይገመት ነበር። ፕሮግራሙ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ሲደርስ «ካሁን በፊት እዚህ ገብቻለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎን» ከሆነ መተው ሲገባው፣ አንዳንድ ሰው በሐሰት «አዎን» የሚል መልስ አዘጋጅቶ ያግደኛል ብሎ የሰጋው ሞሪስ፣ ከሰባት አንድ ጊዜ መልሱ ምንም ቢሆን እንዲገባ አድርጎ ጻፈው። ጥፋቱ የመጣው በዚህች ትንሽ ቍጥር ነው። ትሉ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ደጋግሞ ስለተጫነ ማሽኖቹ ከድካም የተነሣ ቆሙ፤ ተጎጂዎቹ 6,000 ያህል እንደነበሩ ተገምቷል። ሞሪስ በ1990 ዓ.ም. ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተወሰነበት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ሰው በኛው ዕድሜ የነበረ ተማሪ መሆኑን ልብ በሉ። ኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኗል። ዓላማው ጥፋት አልነበረም ተብሏል፤ ጥፋቱ ግን ከመድረስ አልቀረም። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ እንደተባለው ነው።

የትል ፍጥነት ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ስላመር የተባለውን እንይ። በጥር ወር 2003 ዓ.ም. የተነሣው ይህ ትል በመጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ ይህም አንድ አንቀጽ ጽሑፍ ያህል ማለት ነው። በመጀመሪያ ላይ ቍጥሩ በየ8.5 ሰኮንዱ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ሊያጠቃቸው ከሚችላቸው ኮምፒዩተሮችም ከመቶ ዘጠና የሚሆኑትን ለመያዝ የፈጀበት ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ቡና ተቆልቶ ሳይወቀጥ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው።

ትል ኢንተርኔት በሌለበትም በፍላሽ ይዛመታል። በ2010 ዓ.ም. የተገኘው ስታክስኔት በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማጣሪያ ጣቢያ የሚገኙትን የሚሽከረከሩ ማሽኖች ለመስበር የተሠራ ሲሆን፣ ከኢንተርኔት ጋር ወዳልተገናኙ ኮምፒዩተሮች የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ፍላሽ ነበር። «የኛ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት የለውም፤ ምን ይነካዋል?» የሚል ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ሐ/ ትሮጃን

ስሙ የመጣው ከጥንቱ የግሪኮች ታሪክ ነው። ግሪኮች የትሮይን ከተማ ከበው መያዝ ባቃታቸው ጊዜ ትልቅ የእንጨት ፈረስ ሠርተው ወታደሮችን በሆዱ ደበቁና ትተውት የሄዱ መሰሉ። የከተማይቱ ሰዎች ፈረሱን እንደ ስጦታ ቆጥረው በገዛ እጃቸው ወደ ውስጥ ጎትተው አስገቡት፤ በሌሊትም ወታደሮቹ ወጥተው በሩን ከፈቱ።

ትሮጃን የሚባለው ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። እንደ ቫይረስ አይጣበቅም፤ እንደ ትልም በራሱ አይሳብም፤ ራሱንም አያራባም። ጠቃሚ ነገር መስሎ ይቀርባል፤ ባለቤቱም ወድዶ ይጭነዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለው ተረት ለትሮጃን የተተረተ ይመስላል።

በዚህ ረገድ የራሳችንን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገራለን። ከፍላሿ ነገር በኋላ ደንግጠን ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር አንቲቫይረስ ፈለግን። አንዳችን ከሰው ላይ «ክራክ የተደረገ» አንድ ፕሮግራም ቀድቶ አመጣ። አብሮ የመጣው መመሪያም «ከመጫንህ በፊት በኮምፒዩተርህ ላይ ያለውን መከላከያ አጥፋ» ይል ነበር። እኛም አጠፋን፤ ጫንን። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ባልጠየቅነው ማስታወቂያ ተሞላ፤ መራመድም አቃተው። ዘበኛውን «ሂድ ተኛ» ብሎ አሰናብቶ ሌባን በፊት ለፊት በር ማስገባት ማለት ይህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል።

በአሁኑ ጊዜ ትሮጃን በእጅ ስልክም ይመጣል። «የባንክህ አዲስ መተግበሪያ ይኸውና»፣ «ሽልማት ደርሶሃል»፣ «የፈተና ውጤት ለማየት ይህን ጫን» እየተባለ በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ የተባለ ፋይል ከታወቀው የመተግበሪያ መደብር ውጭ የመጣ እንግዳ ስለሆነ፣ የላከው ወዳጃችን እንኳ ቢሆን መጠርጠር ይገባናል። የወዳጃችን ስልክ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ላይ አንድ መካከለኛ ምሳሌ እንጨምር። በግንቦት ወር 2000 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ የተነሣው አይ ላቭ ዩ የተባለው ፕሮግራም አገባቡ እንደ ትሮጃን፣ ርቢው እንደ ትል ነበር። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል ይደርሳል፤ ተቀባዩ ሲከፍተው በአድራሻ መዝገቡ ላለው ሰው ሁሉ ራሱን ይልካል፤ ሥዕሎችንም ያጠፋል። የፋይሉ ስም መጨረሻ ፕሮግራም መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ነበረው፤ ነገር ግን ብዙ ኮምፒዩተሮች የስምን መጨረሻ ስለሚደብቁ ተራ ጽሑፍ መስሎ ታየ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። የጻፈው ወጣት በወቅቱ በአገሩ ለዚህ ወንጀል ሕግ ስላልነበረ ሳይቀጣ ቀርቷል። በአገራችን ግን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከወጣ ወዲህ «ለቀልድ ነው የጻፍኩት» ማለት እንደማያዋጣ ሁላችን ልናውቅ ይገባል።

መ/ ቤዛ ጠያቂ

እስካሁን ያየነው ስለ አገባብና ስለ ርቢ ነው። ከዚህ በኋላ የምናየው ስለ ሥራ ነው። ቤዛ ጠያቂ (ራንሰምዌር የሚባለው) ፋይሎችን በምስጢር ጽሑፍ ይቆልፍና «ቁልፉን የምትፈልግ ከሆነ ገንዘብ ክፈል» ይላል። ልጅን አፍኖ ወስዶ ወላጅን ገንዘብ የሚጠይቅ ወንበዴ ማለት ነው።

የመጀመሪያው የታወቀው በ1989 ዓ.ም. ጆሴፍ ፖፕ የሚባል ሰው በፖስታ ያሠራጨው ነው። 20,000 ያህል ዲስኬቶች ስለ ኤድስ በሽታ መረጃ የሚሰጡ መስለው ለሰዎች ተላኩ፤ ከተቀባዮቹም መካከል በዓለም የጤና ድርጅት የኤድስ ጉባኤ የተገኙ ነበሩ። ኮምፒዩተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተከፈተ በኋላ የፋይሎቹን ስም ሰውሮ በፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሳጥን 189 ዶላር እንዲላክ ይጠይቅ ነበር። በሽተኛን ለመርዳት የተሰበሰቡትን ሰዎች በዚያው በበሽታው ስም ማጥመድ ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከሁሉ ይልቅ ዓለምን ያስደነገጠው ግን በግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣው ዎናክራይ ነው። ይህ ፕሮግራም በአገባቡ ትል፣ በሥራው ቤዛ ጠያቂ ነበር። በዊንዶውስ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ እየገባ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ለያንዳንዱም በቢትኮይን 300 ዶላር ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ አምቡላንሶችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ተደረገ። የሚያሳዝነው ነገር ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ወር አውጥቶ ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው።

ዎናክራይን ያቆመው ማርከስ ሃቺንስ የሚባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ያልተመዘገበ የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚጠይቅ አየ፤ አድራሻውንም ከ11 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ አስመዘገበው። አድራሻው መልስ መስጠት ሲጀምር ትሉ መቆለፉን ተወ። ይሁን እንጂ የዚህ ወጣት ታሪክ በዚህ አያበቃም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአሜሪካ ተያዘ፤ ምክንያቱም በጉርምስናው ዘመን የባንክ ምስጢር የሚሰርቅ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ጥፋቱን አመነ፤ ዳኛውም በኋላ የሠራውን በጎ ሥራ ተመልክቶ ከዚያ በላይ እንዳይታሰር ወሰነ። ሞሪስና ሃቺንስ ሁለቱም በኛው ዕድሜ የነበሩ ናቸው። አንዱ አይጎዳም ያለው ጎዳ፤ ሌላው የጎዳበትን እውቀት መልሶ ለማዳን አዋለው። እውቀት እንደ ቢላዋ ነው፤ ሽንኩርትም እጅም ይቆርጣል።

ስለ ቤዛ ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ከዩክሬን ተነሥቶ የተሠራጨው ኖትፔትያ ቤዛ ጠያቂ መስሎ ቢታይም በእውነቱ አጥፊ ብቻ ነበር፤ የከፈለም ሰው ፋይሉን አላገኘም። ስለዚህ መክፈል መዳን ማለት አይደለም።

ሠ/ ሰላይ

ሰላይ (ስፓይዌር) ምንም የሚታይ ጉዳት አያደርስም፤ አደጋውም ይኸው ነው። የምንጽፈውን ቃል ሁሉ፣ የይለፍ ቃላችንን፣ ፎቶግራፋችንን፣ አንዳንዱም የማይክሮፎን ድምፃችንን ሳይቀር ሰብስቦ ለላኪው ያደርሳል። ባለቤቱ ስልኩ ደኅና መስሎት ይኖራል።

ለዚህ ከኛው ጋር የተያያዘ ምሳሌ አለ። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የጥናት ተቋም ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች በሰላይ ፕሮግራም መጠመዳቸውን ገለጸ። በኢሜይል የተላከላቸው አንድ ቪዲዮ እንዲያዩ የሚጋብዝ አድራሻ ነበር፤ አድራሻውን ሲከፍቱ «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድስ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ የሚጫነው ግን ማደሻ ሳይሆን ሰላዩ ነው። እንግዲህ በሦስቱ ጥያቄዎቻችን ብንመዝነው፣ አገባቡ ትሮጃን፣ ርቢው የለም፣ ሥራው ስለላ ነው።

ረ/ ተደባቂውና ባርያ አድራጊው

ሁለት ስሞች ቀርተውናል፤ በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ሩትኪት የሚባለው ወደ ኮምፒዩተሩ ሥር ገብቶ ራሱንና ጓደኞቹን ከዓይን የሚሰውር ነው። በ2005 ዓ.ም. ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲዲዎቹ እንዳይቀዱ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር በሲዲዎቹ ውስጥ አስቀምጦ ስለተገኘ ትልቅ ነቀፋ ደርሶበታል። ቦትኔት ደግሞ ባለቤታቸው ሳያውቅ በአንድ ሰው ትእዛዝ የሚነዱ የብዙ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠባቸውን የጥበቃ ካሜራዎችና የኢንተርኔት መሣሪያዎች ይይዝ ነበር፤ በጥቅምት ወርም እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሥተው ብዙ የታወቁ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቋረጡ።

፫. በአጭሩ ለማስታወስ

ቫይረስ፦ በፋይል ተጣብቆ ይኖራል፤ ፋይሉ ሲከፈት ይራባል።
ትል፦ ራሱን ችሎ በኔትወርክ ወይም በፍላሽ ይዛመታል።
ትሮጃን፦ ጠቃሚ መስሎ በባለቤቱ እጅ ይገባል፤ አይራባም።
ቤዛ ጠያቂ፦ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል።
ሰላይ፦ ተደብቆ ምስጢር ያወጣል።
ሩትኪት፦ ራሱንና ሌሎቹን ይሰውራል።
ቦትኔት፦ መሣሪያችንን በሌላ ሰው ትእዛዝ ያሠራል።

፬. ምን እናድርግ?

ልዩነቱን ካወቅን መከላከያውም በየዓይነቱ ነው። ለትል ዋናው መከላከያ የኮምፒዩተሩን ማስተካከያ በጊዜው መጫን ነው፤ ትል የሚገባው በቀዳዳ ነውና። ለትሮጃን ማስተካከያ ብቻውን አይበቃም፤ በሩን የሚከፍትለት ሰው ስለሆነ መድኃኒቱ መጠርጠር ነው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም አለመጫን፣ የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ማድረግ፣ ከመደብሩ ውጭ የመጣ ኤፒኬ አለመንካት ከዚህ ይቈጠራሉ። ለቫይረስ የታመነ አንቲቫይረስ ማኖርና ማደስ፣ ፍላሽንም ከመክፈት በፊት ማስፈተሽ ይገባል። ለቤዛ ጠያቂ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ሌላ ቅጂ ነው። አንድ ሥራ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ ከሦስቱም አንዱ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሌላ ቤት ይኑር። ተሰክቶ የሚኖር ቅጂ አብሮ ይቈለፋልና።

መደምደሚያ

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ከሁለት ወር በኋላ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠና አንድ ታላቅ ወንድማችን ለበዓል መጥቶ ፍላሿን አየ። እኛ ባዶ ነች ብለን ፎርማት ልናደርጋት ወስነን ነበር። እርሱ ግን መጀመሪያ የተመለከተው ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ነው። ባዶ የተባለችው ፍላሽ ግማሿ ሙሉ ነበረች። «ባዶ ከሆነች ይህን ቦታ የያዘው ምንድን ነው?» አለን። በሰባት ወይም በስምንት ሰዎች መካከል ያንን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀ አልነበረም።

የደረሰብን ትል ነበር። እንዲህ ያለው ትል ወደ ፍላሽ ሲገባ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቃል፤ በምትካቸውም በስማቸው ሾርትከቶችን ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን ፎልደር መስሎት ሲከፍት ትሉ ወደዚያ ኮምፒዩተር ይሻገራል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነበር። ታላቅ ወንድማችን በመጀመሪያ ትሉን አጸዳ፤ ቀጥሎ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የመደበቂያውን ምልክት ከፋይሎቹ ላይ አነሣ፤ መዝሙራቱም አንድ ሳይጎድል ወጡ። ፎርማት አድርገናት ቢሆን ኖሮ ግን በትሉ ያልጠፋውን እኛ በእጃችን ባጠፋነው ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከደስታው ይልቅ ዝምታው በዛ። የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር ሲፈተሽ ያው ትል በውስጡ ተገኘ፤ ከገባም ሰንብቷል። ፍላሿ ከኛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወሰደችው ወይስ ከዚያ አመጣችልን፣ ሊታወቅ አልተቻለም። ያ ወንድም ግን ያደረገው ነገር ፍላሽ መስካት ብቻ ነው፤ ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገውን። እኛ መጠርጠር ይገባን የነበረው ፕሮግራሙን ነበር፤ የጠረጠርነው ግን ሰውን ነው። በማግሥቱ አምስት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። ምን እንደተባባልን እዚህ አንጽፈውም። ዛሬ ከመካከላችን አለ፤ ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊትም አንብቦ ፈቅዶልናል፤ የመዝሙራቱም ሦስተኛው ቅጂ የተቀመጠው በርሱ ቤት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቫይረስና በትል መካከል ያለው ዋና ልዩነት ምንድን ነው?
2. ዎናክራይ ትልም ቤዛ ጠያቂም ነው የተባለው ስለ ምንድን ነው? በሦስቱ ጥያቄዎች መሠረት አስረዱ።
3. አንድ ወዳጃችሁ በቴሌግራም «ይህን ጫን» ብሎ ኤፒኬ ቢልክላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ወዳጃችሁንስ ምን ትሉታላችሁ?
4. በየክፍላችሁ ያሉትን ሥራዎች አስቡ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የትኛው ነው? ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅጂ ማን፣ መቼ፣ የት ያስቀምጥ?
5. እውነቱ ሳይጣራ በሰው ላይ የፈረዳችሁበት ጊዜ ነበርን? እንዴትስ ተስተካከለ?